ድምፅ አይገባም

ጥር 5፣ ሰኞ

ሐኪሙ ዛሬ ቁርጡን ነገረን። የእማዬ ማንቁርት ይወጣል። ሌላው ሁሉ ተሞክሯል፣ ከእንግዲህ የሚጎዳት መዘግየቱ ነው አለ። ከዚያ በኋላ የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው። "ድምፅዋስ?" አለች እህቴ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከረና "ድምፁ አብሮ ይሄዳል" አለ። ቀጠሮው የካቲት 5 ነው።

እማዬ አላለቀሰችም። "ስንት ሰዓት ልምጣ?" አለችው፣ ጥርስ የምትነቀል ይመስል። ያለቀሰችው እህቴ ናት። እኔ የሐኪሙን ጠረጴዛ ሥር ሳይ ነበር። የኮምፒውተሩ ሽቦ፣ የመብራቱ ሽቦ፣ የስልኩ ሽቦ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተተብትቧል። አንድ ማሰሪያ ቢገዛ ምን አለበት? እንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ ሥራ እንዴት ይሠራል።

ጥር 6

እማዬ ጡረታ እስክትወጣ የመናኸሪያ ተናጋሪ ነበረች። ከቲኬት መስኮቱ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ቁጭ ብላ አውቶቡስ የምትጠራው እሷ ናት። ፊቷን የማያውቅ ሰው እንኳ ድምፅዋን ያውቃል። "መንገደኞች! አንዴ ነው የምናገረው፣ አልደግምም!" ትልና መስመሩን፣ የመኪናውን ቁጥር፣ ሰዓቱን ታወርደዋለች። እውነትም አትደግምም። ያልሰማ ቀረ። አሁን በእሷ ቦታ ያስገቡት የተቀዳ ድምፅ ሲደግም ነው የሚውለው።

ቤትም ያው ነበረች። ምሳ ቀርቧል የምትለው አንዴ ነው፣ ቀዝቅዞ ብታገኘው የራስህ ጉዳይ።

ዛሬ ስደውልላት ድምፅዋ ሻክሯል። ብዙ አላወራንም። ደንበኛ መጣብኝ።

ጥር 8፣ ሐሙስ

እህቴ ስፌት ቤቷን ዘግታ የምሠራበት ስቱዲዮ ድረስ መጣች። ታላቄ ናት፣ ስትቆጣ ደግሞ ታላቅነቷ እጥፍ ይሆናል።

"አንተ የሰው ሰርግ ስትቀርጽ ትውላለህ" አለችኝ። "እናትህን ቀርጸህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እኮ! ድምፅዋ ሳይሄድ ቁጭ አድርገህ አናግራት። ያደገችበትን ታውራ፣ ስለ አባታችን ታውራ። ለእኔም ለአንተም የምትለው ካለ ትበል። ለልጄ ተረት ትንገራት። ትንሿ ገና ምን ታውቃለች፣ የአያቷን ድምፅ በምን ታስታውሰው?"

"ወቅቱ የሰርግ ነው እኮ፣ በየሳምንቱ..."

"አንተ ልጅ፣ አታናግረኝ!"

እሺ አልኩ። እሑድ እሑድ እቀርጻለሁ። ሲታሰብ ጥሩ ሐሳብ ነው። የእማዬ ሳሎን ጠዋት ጠዋት የመስኮቱ ብርሃን ግሩም ነው።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ሰርግ። ጋሽ ዙም ትልቁን ካሜራ፣ እኔ ትንሿን። ሙሽራው ላቡን ሲጠርግ ዋለ። ጋሽ ዙም ላቡን ጠብታ በጠብታ ቀረጸው። (የስቱዲዮው ባለቤት ነው። ዙም ያሉት የሰው ጥርስ መሐል የቀረ ነገር እስኪታይ ድረስ ስለሚያስጠጋ ነው።) ወገቤ አልቋል። ነገ እማዬ።

ጥር 11፣ እሑድ

ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ትንሿን ካሜራ ይዤ ከፊቷ ተከልኩ። ብርሃኑ ግራ ጉንጯ ላይ ሲያርፍ ልክ እንዳሰብኩት ነው።

ግን አታርፍም። እያወራች ዓይኗ ከካሜራው በላይ ወደ እኔ ይመጣል።

"እማዬ፣ እኔን ሳይሆን ሌንሱን እይው።"

"ሌንሱን አልወለድኩትም" አለች።

"ቢሆንም እሱን ካላየሽ፣ ቪዲዮው ላይ ሌላ ሰው የምታናግሪ ነው የሚመስለው።"

"ሌላ ሰው ነዋ የማናግረው። አንተን።"

ሳቅን። ከዚያ ብዙ ተናገረች። ልጅነቷን፣ ሌላም ሌላም። ሁሉም ካርዱ ላይ አለ። ጥላ እንዳይገባ አንድ ወረቀት በስተቀኝ ይዤ ስለነበር እጄ ዝሏል።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ዛሬ አንድ ባለሰርግ ሊጣላን መጣ። የአጎቱ ንግግር ፊልሙ ላይ የለም። ጋሽ ዙም ወንበር ሰጠውና ያንን ታሪክ ነገረው። እኔ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አሁንም ያስቀኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰርግ ሠርተን ሰጠን። ዘፈኑ ሥር የእንግዶቹ ድምፅ በቀስታ ይሰማ ነበር። ሁለቱ ቤተሰቦች ተሰብስበው ሲያዩት፣ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሳይጀምር፣ የሙሽራው አክስት ከጠረጴዛው ጥግ "ልጅቷስ ቆንጆ ነበረች፣ አፏን ባትከፍት" ስትል ቁልጭ ብሎ ተሰማ። ጉድ ፈላ! ወንበር ተወራወሩ። ከዚያ ተያይዘው ወደ እኛ መጡ። ጋሽ ዙም በጓሮ በኩል አጥር ዘሎ አመለጠ። በማግሥቱ ሕግ አወጣ። ከካርዱ ወደ ኮምፒውተሩ ስናስገባ ሶፍትዌሩ ምስሉን ብቻ እንዲወስድ አስተካከልነው። ከላይ ዘፈን ይጫንበታል፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፍን፦ "ድምፅ አይገባም"። እስከ ዛሬ አለ።

ባለሰርጉ ሳቀ፣ ግን አጎቱን አልረሳም። እያጉረመረመ ሄደ።

ከሰዓት የእማዬን ካርድ አስገባሁ። እንደ ሁልጊዜው ሶፍትዌሩ እየቀየረ ሲጎትት ትንሽ ይቆያል። ገብቶ ሲያልቅ ካርዱን ፎርማት አድርጌ አጸዳሁና ለቅዳሜ ጋሽ ዙም ሳጥን ውስጥ መለስኩት። ለእማዬ የራሷ ፎልደር ከፍቻለሁ። ሥሩ "በቅርብ"፣ "በርቀት"፣ "እጅ ብቻ"። ንጹሕ ሆኗል።

ጥር 18፣ እሑድ

ሁለተኛው ቀረጻ። ቡኒ ሹራብ። ቶሎ ይደክማታል። ውሃ ትጠጣለች፣ ትንሽ ትናገራለች፣ ጉሮሮዋን ትይዛለች። ለትንሿ ተረት ነገረች። እህቴ ከኋላዬ ቆማ ስትነፋረቅ ነበር። ማልቀስሽ ቀረጻው ላይ ይገባል ብዬ ወጥ ቤት ላክኋት።

ጥር 21፣ ረቡዕ

አስገባሁ። ደረደርኩ። አሁን በሹራብ ቀለምም ለይቼዋለሁ።

እህቴ ደወለች። "አየኸው?"

"እያደራጀሁት ነው።"

"እሱን አይደለም ያልኩህ። ቁጭ ብለህ ሰማኸው ወይ?"

መጀመሪያ መደራጀት አለበት። ይሄ ሰው አይገባውም። ያልተደራጀ ነገር ላይ ቁጭ ካልክ ትጠፋለህ።

ጥር 25፣ እሑድ

ሦስተኛው። እማዬ "ዛሬ ለአንተ ነው" አለች። እህቴን ወደ ቤቷ ሸኘቻት።

ደመና ነበር። ብርሃኑ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስትናገር በየመሐሉ ካሜራውን እነካካለሁ፣ አንዴ አጨልማለሁ፣ አንዴ አበራለሁ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የሆነች ምልክት ብልጭ ብልጭ አለች። ባትሪ ነው ብዬ አለፍኳት። እማዬ መሐል ላይ "ዝጋውና እዚህ መጥተህ ቁጭ በል" አለችኝ።

"ብርሃኑ ሳይሄድ እንጨርስ" አልኳት።

ካሜራውን እንደቆመ ትቼ መጋረጃውን ላስተካክል ሄድኩ። እንጨቱ ወልቆ ታገልኩት። እሷ ከኋላዬ ታወራ ነበር። ስመለስ "ምን አልሽኝ?" ብላት ሳቀች።

ካርዱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ለካ ያች ምልክት ይሄን ነበር የምትለው። እንኳንም ጨርሰን ነበር።

ጥር 27

አስገባሁ። ካርዱን አጸዳሁ። ቅዳሜ ሁለት ሰርግ አለ፣ ጋሽ ዙም ካርድ ካርድ እያለ ነፍሴን ሊያወጣት ነው። የእማዬ ነገር በሙሉ ገብቷል። እፎይ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ነገ ነው። ዛሬ ሆስፒታል ገብታ አልጋ ይዛለች። ከሥራ እወጣና እሄዳለሁ ብዬ የቅዳሜው ሰርግ ያዘኝ። ደንበኛው ዛሬ ማታ ካልሆነ ብሏል።

ማምሻውን ደወለች። ኮምፒውተሩ ፊልሙን እያወጣ ነበር፣ መሐል ላይ ቆመብኝ።

"ሥራ ላይ ነህ?" አለችኝ።

"ትንሽ ቀረኝ እማዬ። አሁኑኑ መልሼ እደውልልሻለሁ።"

"በል በርታ" አለች።

መልሼ ስደውል ነርሷ አነሳችው። መድኃኒት ወስዳ ተኝታለች አለች። አላስቀስቅሳት ብዬ ተውኩት። ዕረፍት ያስፈልጋታል።

ደንበኛው ፊልሙን ሊወስድ አልመጣም።

የካቲት 5

ገባች። ቀዶ ጥገናው ረጅም ነው አሉን። እህቴ ስትጸልይ ዋለች።

ከመጠበቂያው ክፍል ጥግ አንዲት ሴትዮ ለጓደኛዋ "ያ ልጅ የታማሚ ቤተሰብ ነው ወይስ እዚህ ነው የሚሠራው? ወንበር ሲያስተካክል ነው የዋለው" ስትል ሰማሁ። ምን አገባት? ወንበሮቹ ጠማማ ነበሩ።

በሰላም ወጣች።

የካቲት 9፣ እሑድ

አንገቷ ላይ ቱቦ አለ። ስትተነፍስ ከዚያ ነው ሲር የሚለው። ስገባ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልመጣም። እሷም ረስታው ኖሯል። ዓይኗ ሲደነግጥ አየሁ። ከዚያ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች፣ ይሁና እንደማለት።

እህቴ ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ገዝታላታለች። መጀመሪያ የጻፈችው "ከስተሃል" የሚል ነው።

ብዙ አልቆየሁም። እዚያ ክፍል ውስጥ አየር የለም።

የካቲት 13

እህቴ "ላፕቶፕህን አምጣና ድምፅዋን እናሰማት፣ ደስ ይላታል" አለች። ቆይ አልኳት፣ መጀመሪያ ልቁረጠው፣ ጥሬውን ማየት ይደብራል። "አንተ ግን አይተኸዋል አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኩ። ፎልደሮቹን አይቻለሁ እኮ። ምን ዋሸሁ?

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

የስቱዲዮውን በር ከውስጥ ቆልፌ ነው የምጽፈው።

ጠዋት እህቴ ደወለች። ትንሿ አያቴ ተረት ትንገረኝ ብላ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራለች። "ተረቱን ብቻ ቆርጠህ በስልኬ ላክልኝ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ከዚህ በኋላ ምን ምክንያት ይገኛል?

ቡኒ ሹራብ፣ በቅርብ። ከፈትኩት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። የእማዬ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ እጇ ይወጣል ይወርዳል፣ ተረት ስትነግር እንደምታደርገው ዓይኗን ታፈጣለች። ድምፅ የለም። ማዳመጫው ተበላሽቷል አልኩ። ዘፈን ከፈትኩበት፣ ጆሮዬን አደነቆረው። ወደ እማዬ ተመለስኩ። የለም። ሌላውን ከፈትኩ። የለም። ሁሉንም ከፈትኩ።

ቀና ስል ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ፊት ለፊቴ ነው። ድምፅ አይገባም። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ፊልሙ በሚደረደርበት ታይምላይን ላይ አንድም የድምፅ መስመር የለም። ሌላ ኤዲተር ቢሆን ገና ሲያየው ዓይኑ ይነግረው ነበር። እኔ ግን ለዓመታት ሰው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ እያየሁ ስለኖርኩ ዓይኔ ጎደለ ብሎ አልነገረኝም። ካርዶቹንም በገዛ እጄ ነው ያጸዳሁት። በላያቸው ስንት ሙሽራ ጨፍሮባቸዋል!

ወይ እናቴን። ምን አደረግኩ?

የካቲት 19

ለእህቴ፦ ኔትወርክ እምቢ አለ አልኳት።

የካቲት 21

ጥገና ቤቱ ሰውዬ ካርዶቹን ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዞ ሲፈልግ ዋለ። አጠገቡ ቆምኩ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"ያጠፋኸው ዕለት ብታመጣው አወጣልህ ነበር" አለ። "አሁን ግን ሰርግ በሰርግ ላይ ነው ያለው። ሥሩ የነበረው የለም።"

"ትንሽ እንኳ? አንድ ቃል?"

"ወንድሜ፣ ምን ነበረበት?"

ቅንጥብጣቢ ቀረጻ ነው አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

የካቲት 24

መናኸሪያ ሄድኩ። ዓመታት ሙሉ ስትጣራ አንድ ቀን እንኳ የቀዳት ሰው ይኖራል ብዬ። ኃላፊው የድሮ ሰው ነው፣ ስሟን ስጠራለት ተነስቶ ጨበጠኝ። ጤንነቷን ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ድምፅዋን ቀድታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ስለው ገረመው።

"እሷን?" አለ። "ምን ብለን እንቀዳታለን? በየቀኑ እዚሁ ነበረች እኮ።"

ስወጣ ማሽኑ አውቶቡስ እየጠራ ነበር። ይደግማል፣ ይደግማል።

የካቲት 28፣ ዓርብ

እማዬ ቤት ገባች። ቱቦው ወጥቷል፣ ቀዳዳው ላይ ስስ ጨርቅ ታስራለች። ሰሌዳው ላይ "ፊልሙ?" ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው እሑድ አልኳት።

ቁጭ ብዬ ለማስታወስ ሞከርኩ። ፋይሉ ይቅር፣ እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ። ከሷ አንድ እርምጃ ላይ። የተናገረችውን እጽፈዋለሁ፣ እህቴ ታነበዋለች አልኩ። ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። ብርሃኑ ግራ ጉንጯ ላይ ነበር። ሰማያዊው ሹራብ አንድ ቁልፉ ላላ ብሏል። ጆሮዋ ሥር ያመለጠች ፀጉር ነበረች፣ ፍሬሙ ውስጥ እንዳትገባ ስጨነቅ ነበር።

ቃል የለም። አንድም።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ሄድኩ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። እማዬ፣ እህቴ፣ ትንሿ ተደርድረው ተቀመጡ። መንገድ ላይ ውሸቴን አዘጋጅቼ ነበር። ከፈትኩትና "ውይ፣ ስፒከሩ ተበላሽቷል መሰለኝ" አልኩ።

ትንሿ ስክሪኑን አየች፣ አያቷን አየች። "አያቴ እዚያ ውስጥም አታወራም?" አለች።

እህቴ ገመዱን ስትነካካ፣ ድምፁን ስትጨምር፣ እማዬ ስክሪኑን አላየችም። እኔን ነው የምታየኝ። እንደዚያን ቀን ከካሜራው በላይ እንደምታየኝ። ከዚያ ማርከሯን አንስታ ጻፈች፦ "ግድ የለም። ምን ነበር ያልኩህ?"

አፌን ከፈትኩ። ስለ ልጅነትሽ አልኩ። ስለ ብዙ ነገር። እማዬ ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ሰሌዳውን በእጅጌዋ ጠረገችው።

መጋቢት 8

እህቴ ስቱዲዮ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን አሳየኋት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፣ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

"ማሽኑ በላው። እሺ። ማሽን ነው" አለች። "አንተ ግን እዚያ ነበርክ። ጆሮ አልነበረህም? የመጀመሪያው እሑድ እኔ ሳልደርስ ስለ እኔ ተናግራለች፣ እሷው ነግራኛለች። ዝርዝሩን ከፊልሙ ትሰሚዋለሽ ብላኝ ነበር። ምን አለች?"

የማዳመጫውን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

"አንዲት ነገር። አንዲት ቃል ንገረኝ።"

"ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ነበር" አልኳት።

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩን እንኳ አላጋጨችውም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ጋሽ ዙም ለነገው ሰርግ ካሜራዎቹን ሲፈትሽ ነበር። ስለ እማዬ ቀረጻ ምንም አልነገርኩትም። ትንሿን ካሜራ ገልበጥ አደረጋትና "ይቺ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ምን ጎርሳ ነው?" አለ። "ካርድ ሲሞላባት ዝም ብላ ወደ ራሷ ሜሞሪ ነው የምትቀዳው፣ ይሄን መቼም አልወደውም። አንድ ቀረጻ ይዛለች። ላጥፋው?"

"አይ!" ብዬ ጮኽኩ። እጁን ያዝኩት። ሰውዬው ክው አለ።

ቀኑን አየሁ። ጥር 25።

በሶፍትዌሩ አላስገባሁትም። ፋይሉን እንዳለ፣ ከነድምፁ፣ ገለበጥኩት። ሦስት ቦታ ገለበጥኩት። ለጋሽ ዙም የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። ተነስቶ ወረቀቱን ከግድግዳው ነቀለ፣ ሱቁን ከውጭ ዘግቶ ሄደ። ማዳመጫውን አንገቴ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ የተበታተኑ ገመዶች ነበሩ። አልነካኋቸውም። ከዚያ ከፈትኩት።

ምስሉ ላይ እማዬ አለች። እኔ የለሁም። እንጨት ሲንኳኳ ይሰማል።

"ማሙሽ" ትላለች። የጎለመስኩ ሰው ነኝ፣ ለእሷ ግን አሁንም ማሙሽ ነኝ። ድምፅዋ ሻካራ ነው። ግን የእሷ ነው።

"አቤት እማዬ፣ አንዴ፣ ይሄ መጋረጃ..." እላለሁ ከሩቅ።

ከዚያ ዓይኗን ከሌንሱ በላይ ወደ መስኮቱ፣ ወደ እኔ አድርጋ ትናገራለች።

"አባትህ የሞተ ለታ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ አንተ የመሣሪያ ሳጥኑን አውጥተህ መፍቻዎቹን ከትልቅ እስከ ትንሽ ስትደረድር ነበር። ልጁ አልገባውም አሉ። እኔ ግን አየሁህ። ከሁሉም ይልቅ የገባህ አንተ ነበርክ።" ትንሽ ታርፋለች፣ ጉሮሮዋን ትይዛለች። "አሁንም እየደረደርክ ነው። ደርድር፣ ልጄ። አልቀየምህም። ስትጨርስ ና፣ እኔ እዚሁ ነኝ።"

መጋረጃው ሲጎተት ይሰማል። እግሬ ይመጣል። "ምን አልሽኝ እማዬ?"

"ምንም። አልደግምም" ብላ ትስቃለች።

እዚያ ላይ ያልቃል።

አለቀስኩ። እናቴ ታመመች ከተባለበት ቀን ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር። ፈርቼ ነበር። በየቀኑ ፈርቼ ነበር፣ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አንድ ቀን አልጻፍኩትም።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ካሜራ ሳልይዝ ሄድኩ። እህቴ በሩን ከፍታልኝ ሰላም ሳትለኝ ተመለሰች። ፋይሉን ከፈትኩላቸው። ትንሿ ድምፁን ስትሰማ "አያቴ!" ብላ ዘላ እማዬ ጉልበት ላይ ወጣች። እህቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እማዬ የራሷን ሳቅ ሰማች። እስከ መጨረሻው ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች።

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ጉልበታችን ተነካካ።

"እማዬ" አልኳት። "ሌላው የለም። በእኔ ነው የጠፋው። እዚህ ሆኜም አልሰማሁሽም። ፈርቼ ነው። ድገሚልኝ።"

ማርከሯን አነሳች። ጻፈችና ሰሌዳውን ወደ እኔ አዞረችው፦ "አልደግምም!"

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንገቷ ላይ ያለው ጨርቅ እፍ እፍ ይላል። እየሳቀች ነው። እህቴም ሳትፈልግ ሳቀች።

ከዚያ ሰሌዳውን ጠረገችና ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው። ማርከሩን ከደነችው። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ፊቷ አቀናችው፣ ልጅ ሆኜ ሳልሰማት እንደምታደርገው። ከንፈሯ በቀስታ መንቀሳቀስ ጀመረ።

የገባኝን ጮክ ብዬ እላለሁ። ስሳሳት ጉልበቴን በጥፊ ትለኛለች፣ እንደገና ትጀምራለች። እንደገና። እንደገና። እህቴ ከወንበሯ ተነስታ አጠገቤ መጣች፣ እኔ ያልያዝኩትን እሷ ትይዛለች። አንዱን ነገር ሳንጨርስ ሻዩ ቀዘቀዘ። ስለ እህቴ የተናገረችው ላይ ስንደርስ እህቴ ቃሉን በእኔ አፍ ሰማችው፣ አንገቴን አቅፋ ተንሰቀሰቀች።

"ካሜራ አላመጣህም?" አለችኝ ኋላ።

"አላመጣሁም።"

ለእኔ የተናገረችው መጨረሻ ላይ መጣ። ብዙ ጊዜ ደገመችልኝ። ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም። አስታውሰዋለሁ።